የላላው ካቴና

ከሊል ከሞተሩ ሆድ ያወጣውን የካቴና መወጠሪያ በጣቱ ዳሰሰው፤ አልቆ ሳስቷል። ካቴናው ላልቶ የሚንኳኳው በዚህ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ሰው ሊይዝ ሲመጣ ሞተር ሳይክሉ ከሩቅ ይሰማል፤ የሄርማታ ሰፈር ልጆችም በጓሮ አጥር ዘለው ያመልጡ ነበር።

«ስደርስ አልጋው እንደሞቀ ነው፤ ሰውየው ግን የለም» አለ ሊቀመንበሩ፣ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ዕቃ ጅማ አይገኝም።»

«አዲስ አበባ ይገኛል» አለና አዲሱን ከኪሱ አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረለት።

ከሊል ገጥሞ አስነሳው። መንኳኳቱ ጥፍት አለ፤ ሳያስበው በእጁ ሥራ ፈገግ አለ።

«አበጀህ! ለመሆኑ ወንድምህ ኑሪ እቤት ነው?»

ሊቀመንበሩ መልስ ሳይጠብቅ ነድቶ ወጣ። ከሊል ወዴት እንደታጠፈ ለመለየት ጆሮውን አቆመ። ከገበያው ጫጫታ ሌላ ምንም አልሰማም።