የአጥናፉ ድምፅ

ጠዋት ተነስቼ ሻይ አፈላሁ፤ ዳቦም ቆረስኩ።

«ስኳሩን ቀነስ አድርጊ፣ ምንቴ» አለኝ ባለቤቴ አጥናፉ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ። ከሞተ ሁለት ክረምት አልፏል።

አዲሱ ሕግ አጭር ነው። መንግሥት የሟችን ድምፅ በየቤቱ ያቆይልናል፤ በምርጫ ቀን ግን የሟቹ ድምፅ ለመንግሥት ይቆጠራል።

ከቁርስ በኋላ ሰናይት የምትባለው የቀበሌ ሠራተኛ አንኳኩታ ገባች።

«እትዬ ምንትዋብ፣ ምርጫው ነገ ነው። የጋሽ አጥናፉ ድምፅ ይቀጥል አይደል?»

«እናንተን አልመርጥም ብሎ አይደል እንዴ እስር ቤት የሞተው?»

«ታዲያ ሞት አስታረቀን ይበሉ እንጂ!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። «ካልፈቀዱ ዛሬውኑ ከግድግዳው ይጠፋል። ከጠፋ ደግሞ አይመለስም።»

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

«ማነው የመጣው?» አለ አጥናፉ።

ወደ ሰናይት ዞርኩ።

«አጥፊው።»

«እትዬ፣ በእግዜር፣ ደግመው ያስቡበት። የባልዎ ድምፅ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። መልሱም የእሱ ነው።»

ስልኳን አውጥታ አንድ ጊዜ ነካችው።

አሁን የአጥናፉ ድምፅ ኮሮጆው ውስጥ የለም። ቤቴም ውስጥ የለም።