የሰርኬ አፍ

«ደብተሩን እጠፊና ሂጂ» አሉ ዳኛው አቶ ወልደጊዮርጊስ።

ሰርኬ ደብተሩን አጠፈችው። አልሄደችም።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። ከኮልፌ ገበያ ጀርባ፣ ከወይራው ሥር አምስት ሽማግሌዎች በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። ፊታቸው የቆመው ጢማም ሰውዬ የእህቱን የካሳነሽን ክስ እያሰማ ነበር። «ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው» ይላል በጎርናና ድምፁ። «የባሌ ወንድም ከሱቄ አስወጣኝ።» የሳቀ የለም። በዚህ ሸንጎ ሴት አትናገርም፤ ወንድሟ አፍ ይሆናታል። አፍ የሆነ ሰው ደግሞ «እኔ» ብሎ ነው የሚናገረው። ካሳነሽ ራሷ ከአጥሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

ሰርኬ ከለንደን የመጣችው ይህን ለማየት ነው። ለሁለተኛው የሕግ ዲግሪዋ የምታጠናው ስለዚሁ ዳኝነት ነው። አባቷ ሰብስቤ ከመሞቱ በፊት ያወራላትን ጽፋ ብታቀርብ፣ መምህሯ ሦስተኛውን ምዕራፍ መልሰውባታል። ከግርጌው «ይህ ወሬ ነው፤ ያላየሽውን አትጻፊ» የሚል አለበት። የመመለሻዋ ቀን ሐሙስ ነው። ከዛሬ ሌላ ቅዳሜ የላትም።

«አልሰማሽም እንዴ?» አሉ ወልደጊዮርጊስ።

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

«የጃንሆይን ችሎት ማንም ገብቶ ያያል። እዚህ የሚቀመጥ ግን ከሳሽ ነው፣ ተከሳሽ ነው፣ ምስክር ነው። ተመልካች የለንም። ሲኒማ ካማረሽ ፒያሳ ሂጂ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከሁሉ ይልቅ የሳቁት የእህል ነጋዴው አቶ መገርሳ ናቸው።

«እንግዲያው ከሳሽ ነኝ» አለች ሰርኬ።

«ማንን ነው የምትከሽው?»

«እርስዎን።»

ሳቁ ቆመ።

«ጉዳዬን ሳይሰሙ ከሸንጎ አባረሩኝ። የተከሰሰ ዳኛ ከወንበሩ ይነሳል። አባቴ የነገረኝ እንዲህ ነው። ወሬ ከሆነ ንገሩኝ።»

ወልደጊዮርጊስ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። «በማን አፍ ነው የምትከሽኝ? ወንድምሽ የታለ?»

«ወንድም የለኝም።»

«አጎትሽስ?»

«እሱም የለኝም። ይህንን ያውቃሉ፤ አባቴን የቀበሩት እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲህ ክስ የለሽም።» ወደ ጢማሙ ዞሩ። «ቀጥዪ፣ ካሳነሽ።»

ጢማሙ አልቀጠለም። ዓይኑ መገርሳ ላይ ነው። መገርሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወልዴ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ሲመጣብን ምንድን ነው የምናደርገው?»

«ተወኝ፣ መገርሳ።»

«አምና ለዚያች የሙት ልጅ አፍ የሆናት ማን ነበር?»

ወልደጊዮርጊስ በከዘራቸው መሬቱን ጫሩ።

«ዘመድ ለሌለው የሸንጎው ታላቅ አፍ ይሆነዋል» አለች ሰርኬ። «ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ታላቁ ደግሞ አንተ ነህ» አሉ መገርሳ። አሁን አይስቁም።

ወልደጊዮርጊስ ሰርኬን ትክ ብለው አዩዋት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። እሳቸው ወንበሩን ለሃያ ዓመት ተቀምጠውበታል፤ ማንም ከዚያ አስነስቷቸው አያውቅም። ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። ጢማሙ ገለል አለላቸው። እሱ ከቆመበት ቦታ ሄደው ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ፊታቸውን ወደ ባዶው ወንበራቸው አዞሩ።

«እኔ የሰብስቤ ልጅ ሰርኬ» አሉ፣ ችሎት ሲመሩ በሚናገሩበት በዚያው ድምፅ፣ «ወልደጊዮርጊስን እከሳለሁ። ጉዳዬን ሳይሰማ አባረረኝ።»

ከዚያ አንገታቸውን ሳያዞሩ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ጻፊ እንጂ» አሏት።

ሰርኬ ደብተሩን ገለጠች። ከአጥሩ ማዶ ካሳነሽ የነጠላዋን ጫፍ ለቃ፣ ወደ አጥሩ በር ትመጣለች።