የመጨረሻዋ መስመር

ታይፒስቷ ድንገት ጣቶቿን አቆመች። የሰው ማመልከቻ ሳታነብ ስትመታ ነው የምትውለው፤ አሁን ግን የጎረቤቷ ልጅ የጻፈችው ልቦለድ የመጨረሻ መስመር ላይ ፈዛ ቀረች። «እናቴም ዳነች» ይላል።

«እትዬ፣ ውድድሩ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው!» አለች ልጅቷ።

«እናትሽን አብረን አይደል የቀበርነው?»

«ልቦለድ አይደል? ማን ይከለክለኛል?»

«ማንም። ግን እስከዚህች መስመር ድረስ እያለቀስኩ አምኜሽ ነበር።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ መስመሯን ደግማ አነበበች። ታይፒስቷ መስመሯን አጠፋችና ማንንም ከማታስቀምጥበት ወንበሯ ተነሳች። «ቁጭ በይ። መጨረሻውን ራስሽ ምቺው፤ እኔ ሮጬ አደርስልሻለሁ።»

ልጅቷ በአንድ ጣቷ፣ ፊደል እየፈለገች መታች፦ «በቀብሯ ማግስትም የእናቴ ጫማ በሩ ሥር ነበር።»