ሞተሩ ከጠፋ በኋላ

መካኒኩ ሎክማን በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ሃያ ዓመት የዓሣ ጀልባ ሲጠግን አሻፈረኝ ያለው ሞተር አልነበረም። የዚያን ቀን ረፋድ ግን የሐሽማት ጀልባ ወደ ጥልቁ እየከነፈ ሞተሩ አልጠፋ አለ። ሎክማን የናፍጣውን ቱቦ ነቀለ፤ አልቆመም። የአየር ማስገቢያውን በእርጥብ ጆንያ ወተፈው። ይሄኔ ሞተሩ ተንገጫግጮ ጸጥ አለ።

"አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ላቡን ጠረገ።

"ኧረ ሎክማን፣ ምን ትጫወታለህ? አጥፋው እንጂ! የብሱ ከዓይናችን ሊሰወር ነው!" ሲል ሐሽማት ከመሪው ላይ ጮኸ።

"አጥፍቼዋለሁ እኮ፣ ወንድሜ!"

"ታዲያ ማን ነው የሚነዳን? ነፋሱ እንኳ ወደ ወደቡ ነው የሚነፍሰው!"

ሎክማን ማርሹን ዜሮ ላይ አደረገ። ጀልባውን የሚገፋው የፕሮፔለሩ ዘንግ ግን መዞሩን አልተወም።

ሐሽማት መልህቁን ወረወረ። ወፍራሙ ገመድ እንደ ክር ተበጠሰ፤ ጀልባውም ፍጥነቱን ጨመረ።