የኋላ መብራቷን በመዶሻ የሰበረው ሰውዬ

"ክፈቺ! ክፈቺ አልኩሽ!"

ሰውዬው የመኪናውን መስኮት በቡጢ ይደበድባል...

ፊቱን በሻርፕ ጠቅልሏል። በሌላኛው እጁ መዶሻ ይዟል።

ዴሊያ በድንጋጤ ጮኸች። ከኋላ ወንበር ላይ የስድስት ዓመት ልጇ ኒና በቀበቶ ታስራ ተቀምጣለች። ውጪው አይታይም። ከሎርድስበርግ ከተማ ወደ አሪዞና በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከደረቁ ሐይቅ የተነሳው አቧራ በጠራራ ፀሐይ ቀኑን ውጦታል።

ዴሊያ የዚያው አገር ልጅ ናት። አቧራውንም፣ በየመንገዱ ዳር የተተከሉትን የአቧራ ማስጠንቀቂያ ታፔላዎችም ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች...

ታውቃቸዋለች እንጂ አታነባቸውም። በየቀኑ የሚያልፉትን ታፔላ ማን ያነባል?

ሰማዩ ሲደፈርስ የመጨረሻውን የአውራ ጎዳና መውጫ እያየችው አልፋዋለች። የምትሄድበት ቦታ ከመውጫው ትንሽ ወዲያ ነበርና "እደርሳለሁ" አለች።

የምትሄደው ከመንገዱ ዳር ወደቆመ አንድ ነጭ መስቀል ነው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በዛሬዋ ቀን፣ እንዲህ ባለ አቧራ ውስጥ ወንድሟን ሩበንን ተሳቢ መኪና ከኋላ ገጭቶ የገደለበት ቦታ...

በየዓመቱ ትመጣለች። በየዓመቱም መስቀሉ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ታገኘዋለች።

"እጮኛው ናት የምትቀባው" ትላለች። "እግዜር ይስጣት፣ አልረሳችውም።"

ዛሬ ግን ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት አቧራው ቀደማት። ዳር ይዛ ቆመች። እግሯን ፍሬን ላይ ተከለች። የፊቱን፣ የኋላውን፣ አራቱንም ፍሬቻ... ያላትን መብራት ሁሉ አበራች።

"አይዞሽ የኔ ቆንጆ" አለቻት ኒናን። "ካዩን አይገጩንም።"

ባለመዶሻው ከአቧራው ውስጥ ብቅ ያለው ይሄኔ ነው።

"መብራቱን አጥፊው! እግርሽን ከፍሬኑ ላይ አንሺ!"

"ሂድልኝ! ፖሊስ ነው የምጠራው!"

"ጥሪ! መጀመሪያ ግን አጥፊው!"

"አጥፍቼልህ ልትዘርፈኝ?! ሞኝህን ፈልግ!"

ሰውዬው ወደ መኪናው ኋላ ሮጠ።

ኳ!...

ኳ!...

የኋላ መብራቶቿን አንድ በአንድ አደቀቃቸው። ኒና ማልቀስ ጀመረች። ዴሊያ ዞር ስትል...

ሁለት ግዙፍ መብራቶች አቧራውን ቀድደው ቀጥ ብለው ወደ እነሱ እየመጡ ነው!

መጮህ እንኳን አልቻለችም። ልጇን ብቻ አየቻት።

ከዚያ መብራቶቹ ድንገት ጠመዝመዝ አሉና ወደ መስመራቸው ተመለሱ። ተሳቢው እያጓራ፣ መኪናዋን እያንገጫገጨ በአጠገባቸው አለፈ።

አቧራው ጋብ ሲል ዴሊያ ከመኪናዋ ዘላ ወረደች።

"አንተ እብድ! ልጄን በድንጋጤ ልትገላት ነው?!"

ሰውዬው እያሳለ መዶሻውን መሬት ላይ ጣለ።

"የኔ ልጅ... አቧራ ውስጥ የቆመ መብራት የሚሄድ መኪና ነው የሚመስለው። መንገዱ የጠፋበት ሾፌር ያንቺን መብራት ይከተላል። ይመራኛል ብሎ መጥቶ ይገባብሻል። የምትከተለው ሲጠፋበት አየሽው አይደል? 'መብራት አጥፉ፣ እግር ከፍሬን ላይ አንሱ' ይላል እኮ ታፔላው።"

"አንተ ደግሞ በምን አወቅክ?"

ሰውዬው ሻርፑን ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ አወረደው።

ዴሊያ ክው አለች።

ዌንደል!... የሩበን ገዳይ። ፍርድ ቤት ውስጥ "አንተ ውሻ!" ብላ የሰደበችው፣ መንጃ ፈቃዱን ተነጥቆ እስር ቤት የወረደው የተሳቢ ሾፌር።

ከጀርባው ነጩ መስቀል ቆሟል። ግማሹ ገና እርጥብ ቀለም ነው። የቀለሙን ቆርቆሮ ነፋሱ ገልብጦታል።

"አንተ ነህ?... በየዓመቱ የምትቀባው?"

"አንቺ ሳትመጪ ቀድሜ ነበር የምሄደው። ዛሬ የመስቀሉ እግር ላልቶ በመዶሻ ሳጠብቀው አቧራው ያዘኝ።"

ያኔ አንድ ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ በራ።

"ቆይ... ለፍርድ ቤቱ 'ምንም መብራት አላየሁም፣ ፈጥኜ ነበር' ነው ያልከው። እውነቱን ንገረኝ። የሩበን መብራት በርቶ ነበር?"

"ተይው የኔ ልጅ። አሁን ምን ያደርግልሻል?"

"በእናትህ ንገረኝ!"

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ።

"በርቶ ነበር። እንዳንቺው፣ ሁሉም መብራት። ተከተልኩት... ሮጬ ስደርስ የልጁ ሕይወት አልፏል። ስልኩ ግን ወለሉ ላይ ወድቆ ያወራል። የሴት ድምፅ ነው። 'ሩበን፣ መብራቱን እንዳታጠፋ! ካዩህ አይገጩህም!' ይላል..."

ዴሊያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ያን ቀን ከወንድሟ ጋር ስታወራ ስልኩ የተዘጋው ኔትወርክ ተቋርጦ መስሏት ነበር...

"ስክሪኑ ላይ 'እህቴ' ይል ነበር። ስልኩን ዘጋሁት" አለ ዌንደል። "ፖሊስ ሲመጣ መብራት አላየሁም አልኩ። ወንድሟን ቀብራ፣ በዚህ ላይ ይሄን ተሸክማ እንዴት ትኖራለች ብዬ ነው። ፍርዱ በኔ ይብቃ አልኩ።"

ኒና በመስኮቱ ብቅ አለች።

"እማዬ... ሰውዬው መብራታችንን ለምን ሰበረው?"

ዴሊያ እያለቀሰች ተነሳች። አሸዋው ላይ የወደቀውን የቀለም ብሩሽ አነሳች። ስምንት ዓመት ሙሉ "አንተ" ብላ የረገመችውን ሰው በእንባ እያየች...

"ይምጡ አባባ" አለችው። "አብረን እንጨርሰው።"

ወዳጆቼ... አንዳንድ ሰው ስድባችንን ጠጥቶ ዝም የሚለው መልስ አጥቶ አይደለም። መልሱ እኛን እንደሚሰብረን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ "ጠላቴ" ያልነውን ሰው ከመርገማችን በፊት፣ ምን ደብቆልን ይሆን ብለን እንጠይቅ።

እኔን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል...

ዌንደል ያኔ እውነቱን ቢናገር ኖሮ፣ ዴሊያ ዛሬ ልጇን ከኋላ አስቀምጣ ያን መብራት ታበራ ነበር?

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በዌንደል ቦታ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር ወይስ ዝም ትሉ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ 👇