የሽማግሌው ተራ

«ወንበሩ ላይ እርስዎ ይቀመጡ» አለች መዝጋቢዋ ለክፍል ኃላፊው። «ሽማግሌውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ሽማግሌው የሚሉት ኃላፊው ከዓመታት በፊት መርጦ በክሊኒኩ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ያስጫነውን ብራውዘር፣ የድረ ገጽ መክፈቻውን ፕሮግራም ነው። አዲሷ ዳይሬክተር ሦስት ብራውዘሮች ተወዳድረው ለዕለት ሥራ የሚሻለው ይመረጥ ስትል፣ ሙከራውን እኔ ላዘጋጅ ብላ ሁለት ሳምንት ደጅ የጠናችው መዝጋቢዋ ናት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ምድር ቤት ወርዳ የታካሚ ካርድ መደርደር ከጀመረች ስምንት ወሯ ነው። አንድ ታካሚ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ የደም ምርመራ ውጤቱ የጠፋ ጊዜ፣ «ገጹ ደርቆብኝ ነው፤ የተጫንኩት ስላልመሰለኝ ደገምኩት» ብትል፣ ኃላፊው ሰው ሁሉ ፊት «ኮምፒውተሩ ምን አደረገሽ? ጥፋቱ የእጅሽ ነው» አላት። ይኸው ቃል የግል ማኅደሯ ውስጥም ተጻፈ፤ ከመመዝገቢያው ተነስታ ወደ ምድር ቤት የተላከችውም በዚሁ ነው። ያን ዕለት ቆሽቷ እያረረ ቤቷ ገባች፤ እስካሁንም አልበረደላትም።

ሙከራው ቀላል ነበር። እንደ ሥራ ቀን ስምንት ገጽ ጎን ለጎን ተከፍቶ፣ በእያንዳንዱ ብራውዘር አንድ የልምምድ ታካሚ መመዝገብ። ትልቁ ስክሪን ለሁሉም እንዲታይ ግድግዳው ላይ በርቷል፤ ዳይሬክተሯ በስልኳ ሰዓት ትይዛለች። ነርሷ በመጀመሪያው በዐሥር ሰከንድ ጨረሰች። ገንዘብ ተቀባዩ በሁለተኛው በዐሥራ አራት ጨረሰ፣ ያውም እያወራ።

ኃላፊው በሦስተኛው፣ በሽማግሌው፣ ፎርሙን በጥንቃቄ ሞልቶ «መዝግብ» የሚለውን ተጫነ። ገጹ ነጣ። ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች። ሃያ ሰከንድ ሆነ፤ ሠላሳ ሆነ። ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የኃላፊው ግንባር ላብ አወጣ።

መዝጋቢዋ ዓይኗን ከጣቱ ላይ አልነቀለችም። ድገመው፣ አለች በሆዷ። ድገመው የኔ ጌታ።

ደገመው።

ስክሪኑ ሲመለስ ያው ታካሚ፣ ያው ስም፣ በሁለት የካርድ ቁጥር ተደርድሮ ወጣ።

«ለምን ሁለቴ ተጫኑት?» አለች ዳይሬክተሯ።

«እኔ እንጃ... የተጫንኩት አልመሰለኝም።»

የመዝጋቢዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ምናልባት ለሰውየው ልታዝንለት ይገባ ነበር፤ አላዘነችለትም።

«ለዕለት ሥራ የመጀመሪያው ይሁን» አለች ዳይሬክተሯ ስልኳን ወደ ኪሷ እየከተተች። ወደ መዝጋቢዋም ዞር ብላ «አንቺ ከነገ ጀምሮ ወደ ቦታሽ ተመለሺ። የማኅደርሽን ነገር እኔ አየዋለሁ» አለቻት።

ሠራተኛው እየተንሾካሾከ ወጣ። ኃላፊው ግን ከወንበሩ አልተነሳም። ከሁለቱ ታካሚዎች አንዱን ለማጥፋት ሲሞክር ገጹ እንደገና ደርቆበታል፤ ስሕተቱ ግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ነው።

«እህቴ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አብረው ሲሠሩ እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። «ቆሞብኛል እኮ። እንዴት አድርገሽ ነበር የምታስለቅቂው?»

በየትኛው ቁልፍ እንደሚለቅ ታውቃለች። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ከእሱ ጋር ክቧ ስትዞር ታይ ጀመር።