ቢጫው ቅጽ

ወልደኪዳን የደም ግፊት ክኒናቸውን ለመውሰድ በየወሩ ከአንኮበር ገደል ሥር ወደ ጤና ጣቢያው ይወጣሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ዳገት ነው። ልጆቻቸው ተበታትነው ከባለቤታቸው ከማኅደረማርያም ጋር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ክኒኑን ተቀብለው አልሄዱም። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ቢጫ ወረቀት በጣታቸው ነኩ።

«ይሄ ምን ይላል፣ ልጄ?»

«መድኃኒት የጎዳው ሰው ያሳውቅ ነው የሚለው» አለች ፋርማሲስቷ እናናየሁ። «ቅጽ ሞልተን ወደ ላይ እንልካለን።»

«ከዚያስ?»

«ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ባለሙያዎች ቤት ድረስ መጥተው ያያሉ።»

«ቤት ድረስ? በሽተኛውን አምጡ አይደለም እንዴ የምትሉት?»

«ለዚህ ብቻ ነው፣ ጋሽ ወልደኪዳን።»

ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያው ጻፊ።»

እግር እንደሚያብጥ፣ ሦስት ትራስ ካልተደረበ ትንፋሽ እንደሚያጥር፣ ሳሉ ሌሊቱን እንደማያስተኛ ተናገሩ።

«ዕድሜ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

ካርዳቸው ስድሳ ሰባት ይላል። ተሳስተው ነው ብላ ስድሳ ሰባት ጻፈች።

«ክብደትስ? ቀንሰዋል?»

«ላባ ነው የቀረው። አንድ ሰው ብቻውን ከመኝታ ያነሳዋል።»

ሚዛን ላይ አወጣቻቸው። ካለፈው ወር ግማሽ ኪሎ እንኳ አልጎደሉም።

«እስቲ እግርዎን ልየው።»

ተመልሰው ተቀመጡና እግራቸውን አግዳሚው ሥር ሰበሰቡ። «ሲመሽ ነው የሚብሰው።»

«ባበጠ እግር ይሄን ዳገት እንዴት ወጡት?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! ባበጠ እግር ማን ይወጣዋል?»

እናናየሁ ሳቀች።

በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱ። «ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው ብለሽ ጻፊ። እንዳይጠፋባቸው።»

ቅጹን ለላቦራቶሪው ባለሙያ ለባየው አሳየችው።

«ካሣ ያለው መስሏቸው ነው» አለ ባየው። «ሳምንት ደግሞ ዓይኔ ጠፋ ይሉሻል።»

እናናየሁ ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በሳምንቱ መጡ። «መለሱ?» «ገና ነው።» በሁለተኛው ሳምንት ከንፈር መጥቆሩን አስጨመሩ፤ ከንፈራቸውን አየችው፣ ምንም የለውም። በሦስተኛው ሳምንት ቆሎ እየቆረጠሙ ገቡና፣ «እህል አልወርድ ብሏል በይልኝ» አሏት። ባየው በመስኮት አይቶ ጠቀሳት።

«ልከሽዋል አይደል፣ ልጄ?»

«ልኬዋለሁ።»

መሳቢያው ጉልበቷን እየነካት ነበር። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ላከችው።

በአሥረኛው ቀን ከደብረ ብርሃን ተደወለ። ሁለት ባለሙያዎች ማክሰኞ ይመጣሉ።

ሰኞ ጠዋት ወልደኪዳን በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ነገ ይመጣሉ!» አለቻቸው ገና ሳይቀመጡ።

«ይተዉት፣ ልጄ። ቆሟል።»

«እብጠቱ?»

«የለም።»

«ሳሉስ?»

«የለም። ሁሉም ቆሟል።»

እናናየሁ እፎይ አለች። «ፀጉርዎንም ተላጭተዋል፤ ሙሽራ መስለዋል እኮ!»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉ። እሳቸው ሲወጡ መዝገቡ ላይ «ተሽሏቸዋል» ብላ ጻፈች።

የጉዞው ደብዳቤ ወጥቶ ስለነበር ባለሙያዎቹ አልቀሩም። እናናየሁ እየመራች ገደሉን ወረዱ። ወልደኪዳን ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሦስት ትራስ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

«ታማሚው እርስዎ ነዎት?» አለ አንደኛው ባለሙያ ቅጹን እያወጣ።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ከፊት ከፊት እየሄዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጡ፤ ገና ያልደረቀ የአፈር ክምር ዘንድ ሲደርሱ ቆሙና ጎንበስ አሉ።

«ማኅደረማርያም» አሉ፣ «መጡልሽ።»